ለፊልሜ የላክሁት ሽማግሌ

ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ንፋስ መውጫ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት ጎን አንዲት ጠባብ ክፍል አለችኝ። ኮምፒውተር፣ ፕሪንተር፣ ለባለጉዳይ ደግሞ አንድ አግዳሚ ወንበር። መብራት ሲጠፋ በእጄ እጽፋለሁ። ሰው ገብቶ በደሉን ያራግፍብኛል፤ እኔም «ጉዳዩ» ብዬ እጀምርና «በማክበር አመለክታለሁ» ብዬ እዘጋለታለሁ። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ስኖር ማንም ደራሲ ብሎኝ አያውቅም። እኔ ግን በልቤ ነኝ እል ነበር፤ የደረሰብኝ ሁሉ የደረሰው በዚሁ የተነሳ ነው።

የጻፍሁት ፊልም ከዚያችው ክፍል የወጣ ነው። አንዲት ባልቴት ነበሩ፤ ባላቸው ከሞተ በኋላ የባላቸው ወንድም የእርሻቸውን ወሰን ገፋባቸው። የግማሽ ቀን መንገድ በእግራቸው እየመጡ ማመልከቻ አጽፈውኛል፤ አንድ ጊዜ አይደለም፣ አሥራ አንድ ጊዜ። ሁልጊዜ ጽፌ ስጨርስ «አንብብልኝ እስቲ» ይሉኛል። አነባለሁ። አንገታቸውን ደፍተው ይሰሙና «ይኼ እኔ ያልሁት አይደለም ልጄ፤ የመንግሥት ሰው ያለው ነው» ይሉኛል። መጀመሪያ ላይ ያናድዱኝ ነበር። ወረፋው እስከ ደጅ ድረስ ተሰልፎ እያለ እሳቸው አንዲት ቃል ይዘው ይሟገቱኛል። በኋላ ግን እሳቸው ሲሄዱ ያሉትን እንዳሉት በሌላ ወረቀት መያዝ ጀመርሁ። ያ ወረቀት እየተጠራቀመ ከሁለት ዓመት በኋላ ዘጠና ሁለት ገጽ የፊልም ጽሑፍ ሆነ።

ለማን ላሳየው? መጀመሪያ ለጎረቤቴ፣ ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ሰጠሁት። በሦስተኛው ቀን መልሶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና «ግሩም ማመልከቻ ነው፤ ለየትኛው ችሎት ነው?» አለኝ። ሊያሾፍብኝ ፈልጎ ቢሆን እታገሠው ነበር፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ባለቤቴ ደግሞ አነበበችውና አለቀሰች። እሷ ግን ለሳሙና ማስታወቂያም ታለቅሳለች።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ጭንቅላቴ ውስጥ ተቀምጦ አልነሳ አለ። ይኼ ነገር ፊልም ነው ወይስ የረዘመ ማመልከቻ? ዝና አልፈለግሁም ብል ውሸቴን ነው። ከዝናው በፊት የፈለግሁት ግን ሥራውን የሚያውቅ አንድ ሰው ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ነው ወይም አይደለም እንዲለኝ ነበር። አይደለም ቢለኝ አርፌ የወሰንና የቀለብ ክስ መጻፌን እቀጥላለሁ። ነው ቢለኝ ደግሞ ሌላ ሰው እሆናለሁ። ሳላውቀው እንዲሁ መኖር ግን አቃተኝ።

እንዲህ ያለ ሰው አውቅ ነበር፤ ወይም የማውቅ መስሎኝ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ጉና ተራራ ላይ ድራማ ሊቀርጹ የመጡ ሰዎች የፈቃድ ደብዳቤ ጎደላችሁ ተብለው ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተቱ እኔ ጋ መጡ። በሩብ ሰዓት ጻፍሁላቸው፤ በዚያው ቀን ተፈቀደላቸው። አለቃቸው፣ ፕሮዲዩሰር የሚሉት ሰው፣ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበና «አንተ ሰውዬ እጅህ ይባረክ፤ አዲስ አበባ ስትመጣ ብቅ በል» ብሎ ቢዝነስ ካርዱን ሰጠኝ። እኛ አገር ብቅ በል ማለት ብቅ በል ማለት ነው። ካርዱን ከመታወቂያዬ ጋር አስቀመጥሁት።

መንገዱ አንድ ሳምንት ተከፍቶ ሁለት ሳምንት በሚዘጋበት ጊዜ፣ በተከፈተበት ሳምንት ተነሳሁ። በጋሸና፣ በወልድያ፣ በደሴ አድርጌ በሁለተኛው ቀን አዲስ አበባ ገባሁ። ያረፍሁት የእናቴ ወንድም ቤት ነው። አጎቴ ከአገራችን ከጋይንት ከወጡ ሠላሳ ዓመት ቢያልፋቸውም አነጋገራቸው የትናንት መጤ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ባልና ሚስት ቢጣሉ፣ ወንድም ከወንድሙ ቢካሰስ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ባይጠሩም ይሄዳሉ። ለምን እንደመጣሁ ሲጠይቁኝ «ለፊልም» አልኋቸው። ትንሽ አሰቡና «ለመሆኑ ጤናህን ነው?» አሉኝ።

በማግስቱ ካርዱን ይዤ ሄድሁ። ቢሮው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጸሐፊዋ ከኮምፒውተሯ ሳትነሳ «ቀጠሮ አለህ?» አለችኝ።

«ብቅ በል ብሎኛል።»

«መቼ?»

«የዛሬ አራት ዓመት።»

ቀና ብላ አየችኝ። አልሳቀችም፤ ብትስቅ ይሻለኝ ነበር። «ቀረጻ ላይ ነው፤ ነገ ሞክር» አለችኝ። ነገም ሞከርሁ፤ ከነገ ወዲያም ሞከርሁ። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። በኢሜይል ላክልን አሉኝ፤ ላክሁ፤ የደረሳቸው ይሁን አይሁን የሚነግረኝ ጠፋ። እኔ ለሌላው ሰው ማመልከቻ እየጻፍሁ «ታገሥ፣ ይታያል» የምል ሰው፣ ራሴ ባለጉዳይ ሆኜ ኮሪደር ላይ ስቀመጥ እነዚያ አግዳሚዬ ላይ የሚቀመጡ ሰዎች እንዴት እስከ ዛሬ እንዳላነቁኝ ገረመኝ።

ቀኑን በከንቱ ላለማሳለፍ ብዬ የጥበብ ሰዎች ይቀመጡበታል የተባለ ካፌ ሄጄ ደብተሬን ዘረጋሁ። አገሬ ሳለሁ የአዲስ አበባ ደራሲዎች እንዲህ ያለ ቦታ ሲቀመጡ ሐሳቡ ከየጠረጴዛው እየተነሳ የሚመጣላቸው ይመስለኝ ነበር። ከጎኔ ከተቀመጡት የሰማሁት የቪዛና የቤት ኪራይ ወሬ ነው። አንዷ ልጅ ስልኳን ከማኪያቶው ብርጭቆ ጋር አስደግፋ ለቲክቶክ ስለ ደስታ አወራች። አልጣማትም መሰለኝ ሦስት ጊዜ ደገመችው፤ በሦስቱም ጊዜ እዚያችው ቦታ ላይ ስትደርስ ያንኑ ሳቅ ሳቀች። ከሰዓት በኋላ ድረስ ተቀምጬ አንድ መስመር አልጻፍሁም። አስተናጋጁ ሌላ ነገር ታዛለህ ወይ እያለ ሲመላለስብኝ ደብተሬን አጥፌ ወጣሁ።

በስድስተኛው ቀን ጸሐፊዋን ሰለቸኋት መሰለኝ፣ ቀረጻው ወዳለበት ግቢ ላከችኝ። ከከተማው ዳር ነው። የገጠር ትዕይንት ይቀርጻሉ፤ ሣር ቤት ሠርተዋል፣ ሁለት በሬ አምጥተዋል። አንድ ወጣት ተዋናይ ጋቢ ደርቦ ሽማግሌ አባቱን «አንተ፣ መሬቱን ትሰጠኛለህ አትሰጠኝም?» ይላል። እኛ ዘንድ ልጅ አባቱን አንተ አይልም። ዱላ አንስቶ ቢመጣ እንኳ የሚመጣው እርስዎ እያለ ነው። ይህንኑ ከዳይሬክተሩ አጠገብ ለቆመው ሰው በጆሮው ነገርሁት።

«ተመልካቹ አይገባውም» አለኝ።

«የምን አይገባውም? ተመልካቹ አባት የለውም?»

ክንዴን ይዞ ከካሜራው ጀርባ ወደ አጥሩ ወሰደኝና እዚያ እንድቆም ነገረኝ። ፕሮዲዩሰሩን ያየሁትም ያን ጊዜ ነው፤ በመኪናው ሲያልፍ እጄን አነሳሁለት፤ እሱም አነሳልኝና አለፈ። ማን እንደሆንሁ አላወቀም። አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ በንዴት አንድ ትዕይንት ጻፍሁ። ባልቴቷ ችሎት ፊት ቆመው ወሰናቸውን የገፋውን ሰው እርስዎ እያሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ ያደረገውን ሁሉ አንድ በአንድ ሲቆጥሩለት። እስከ ዛሬ ከጻፍሁት ሁሉ የምወደው እሱን ነው። ያ ከተማ አንድ ነገር አጽፎኝ እንደሆነ ያጻፈኝ በማናደድ ነው።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ስመለስ አጎቴ እራት ቀርበው ነበር። «እህሳ?» አሉኝ።

ደሜ ፈልቶ ስለነበር «ምን እህሳ አለው» አልሁ። «ሰውዬው ሴት ልጁን የጠየቅሁት ይመስል ፊቱን አላሳይ አለኝ። እንግዲህ ሽማግሌ ልላክበት መሰለኝ።»

ቀልዴን ነበር። አጎቴ ግን አልሳቁም። የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው ትሪው ላይ አኖሩት።

«ታዲያ ይኼን ያህል ቀን ለብቻህ ምን አንከራተተህ?» አሉኝ። «እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር ራስህ ሄደህ ስጡኝ ትላለህ? ሰውዬውስ ምን ብሎ ያክብርህ? ዘመድ የሌለህ መስሎት ነው እኮ።»

ጥፋቱ የኔ የሆነው እዚህ ላይ ነው። ቀልዴን ነው ማለት እችል ነበር። ግን እሳቸው ሲናገሩት ልክ መስሎ ታየኝ። እኛ ዘንድ ሚስት የሚጠየቀው፣ ደም የሚደርቀው፣ የተኳረፈ የሚታረቀው በሽማግሌ ነው። እኔ ራሴ ባለቤቴን ያገኘሁት ሦስት ሰው ልኬ ነው። ስድስት ቀን ኮሪደር ላይ ተቀምጬ የናቁኝ ብቻዬን ስለሆንሁ ነው ብዬ አሰብሁ። ዝም አልሁ፤ አጎቴ ዝምታዬን እንደ እሺታ ቆጠሩት፤ እሺታም ነበር።

ሦስት ሰው ተመረጠ። አንዱ አጎቴ ናቸው። ሁለተኛው የእድራቸው ዳኛ፣ የእስቴ ተወላጅ የሆኑ ጡረተኛ። ሦስተኛው የአጎቴ የነፍስ አባት፣ እዚያው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ገዳም፣ ድጓ የተማሩና አሁን አዲስ አበባ የሚያገለግሉ መምሬ ናቸው። እኔ ጽሑፉን አዲስ አሳትሜ፣ አጥሩ ሥር የጻፍኋትን ትዕይንትም ጨምሬ፣ በካኪ ፖስታ አዘጋጀሁ። አጎቴ ፖስታውን ተቀብለው ዙሪያውን በፕላስተር ለጠፉት። «የተከፈተ ነገር ይዤማ ሰው ፊት አልቆምም» አሉ። ይከፈት እንጂ፣ እንዲነበብ አይደለም ወይ የምንሄደው ለማለት አፌን ከፍቼ ተውሁት።

በማለዳ ሄድን። የሚያገባ ሰው ሽማግሌዎቹን ተከትሎ አይገባምና እኔ ከሕንፃው ፊት ለፊት ካለ ጁስ ቤት ቀረሁ። ያዘዝሁትን ሳልቀምሰው አንድ ሰዓት ያህል በሩን በሩን ሳይ ቆየሁ። ሦስቱም ሲወጡ ፊታቸው በርቷል። መንገዱን ሲያቋርጡ መኪናው ሁሉ ቆመላቸው።

ውስጥ የሆነውን የነገሩኝ የእድሩ ዳኛ ናቸው። ፕሮዲዩሰሩ ከአሳንሰሩ ሲወጣ ሦስት ሽማግሌ፣ ያውም አንዱ ቄስ፣ ነጭ ለብሰው በማለዳ ቢሮው በር ላይ ቆመው ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። የያዘውን ቦርሳ ጥሎ «ማን ነው የሞተው?» አለ። መርዶ የሚነገረው እንደዚያ ነዋ፤ በማለዳ፣ በሽማግሌ። እናቱ ታመው ኖሯል። መምሬ «ማንም አልሞተም ልጄ፣ ለበጎ ነው የመጣነው» ሲሉት ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ምን ቢጠይቁት እሺ እንደሚል ለማንም ግልጽ ነው። ወንበር አስመጣላቸው፤ «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉት። «የፈለጋችሁትን» አለ። «ልጃችን ፊልም ጽፎ መጥቷልና እሺ በለን» አሉት። «እሺ» አለ። መምሬ መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ፤ ተሳለመ። ከዚያ ተቀመጡ፣ ሻይ ጠጡ፣ እናቱን እንዲምርለት ጸልየው፣ መርቀውት ወጡ።

«አነበበው?» አልሁ።

«ምኑን?» አሉ አጎቴ።

«ጽሑፉን ነዋ።»

«ሦስት ሽማግሌ ፊቱ ቆሞ ወረቀት ይገልጣል? ባለጌ ነው እንዴ?»

«ታዲያ ስለ ፊልሙ ምን አላችሁት?»

«ምን እንለዋለን፤ አባትህ ማን እንደነበሩ፣ አያትህ ቤተ ልሔም መሪጌታ እንደነበሩ፣ አንተም መጠጥ የማትቀምስ፣ ሰው የማታስቀይም ልጅ እንደሆንህ ነገርነው።»

ስለ ባልቴቷ አንድ ቃል አልተነሳም። አሥራ አንድ ጊዜ በእግራቸው የተመላለሱት ሴትዮ ቀርተው ስለኔ ጨዋነት ተወርቶ ተመጣ። ግን በዚያ ዕድሜያቸው ለኔ ብለው በማለዳ ቆመው ለመጡ ሰዎች ምን እላለሁ? ጎንበስ ብዬ የሦስቱንም ጉልበት ሳምሁ።

ከጁስ ቤቱ ሳንነሳ ስልኬ ጠራ። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ጎረቤቴ ነው። «እንኳን ደስ አለህ፤ ፊልምህ ተቀባይነት አገኘ አሉ» አለኝ፤ አሁንም ስለ ማመልከቻ እንደሚያወራ ሰው። አጎቴ ደረጃውን ሲወርዱ ለእናቴ ደውለውላት ኖሯል፤ እናቴ ደግሞ ከቅዳሴ የሚወጣውን ሰው ሁሉ አስቁማ ነግራለች። በምሳ ሰዓት እህቴ ከታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ከተማ፣ ደወለች። ከሰዓት በኋላ ስማዳ ያለ፣ መልኩን እንኳ የማላስታውሰው ዘመድ ደውሎ ለሴት ልጁ ፊልሙ ውስጥ ቦታ እንድፈልግላት ጠየቀኝ። ቁመቷን ሳይቀር ነገረኝ። አነበበልኝ ወይ ብዬ የምጠብቀውን ቃል ግን ከአንዳቸውም አልሰማሁም።

በማግስቱ ብቻዬን ተመለስሁ። ጸሐፊዋ ስታየኝ ከመቀመጫዋ ተነሳች፤ «የነአባ ልጅ» ብላ ሻይ አመጣችልኝ። ፕሮዲዩሰሩ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ገና ሳልቀመጥ የጠየቀኝ የመምሬን ጤንነት ነው። ቀና ስል ፖስታዬን ቁም ሳጥኑ ላይ አየሁት። የሰው ወረቀት ሲነበብና ሳይነበብ ሲቀር ምን እንደሚመስል የማውቅ ሰው ነኝ፤ እዚህ ግን ማወቅም አላስፈለገም። የአጎቴ ፕላስተር እንደተለጠፈ ነው።

«እንዲያነቡልኝ ነው የመጣሁት» አልሁት።

«አንብቤ ምን ላደርግ? እሺ ብያለሁ እኮ።»

«ሊሠሩት ነው?»

ከመመለሱ በፊት ሄዶ በሩን ዘጋ። «እውነቱን ልንገርህ፣ እንዳትቀየመኝ» አለኝ። «እጄ ላይ ያለው ሥራ የሁለት ዓመት ነው። ያንተን መቼ እንደምሠራው አላውቅም። ግን አልሠራም አልልም፤ ለአባቶች ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ሽማግሌ ባልልክ ኖሮስ?»

«እሱማ አሥር ገጽ አነብና፣ ከሆነ ይሆናል፣ ካልሆነ አይሆንም ብዬ በዚያው ቀን እነግርህ ነበር። ለሁሉም የማደርገው እንደዚያ ነው።»

«ብቻዬን መጥቼ ነበር፤ ስድስት ቀን ሙሉ።»

ወደ ጸሐፊዋ በኩል አየና «አልነገሩኝም» አለ። ያዘነም መሰለኝ።

«እንግዲያው አሁን ያንብቡና አይሆንም ይበሉኝ።»

«ለአባቶች አይሆንም ልበል? መስቀል ተሳልሜ?» አለኝ። «እሳቸው ጸልየውልኝ እናቴ ዛሬ እህል ቀመሰች።»

ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ መምሬ ወደሚያገለግሉበት ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሰውየውን ከቃሉ ይፍቱልኝ አልኋቸው። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ፤ በደንብ የሰሙኝ አልመሰላቸውም።

«ልጄ፣ እኔ የምፈታው ከኃጢአት ነው» አሉኝ። «እሺ ማለት ከመቼ ወዲህ ነው ኃጢአት የሆነው?»

«መምሬ፣ እኔ እሺታውን አልፈልገውም። እንዲያነበው ነው የምፈልገው።»

«እሺ ካለህ ማንበቡ ምን ያደርግልሃል?» አሉኝ። ድጓ ለመማር ስንት ዓመት የፈጀባቸው ሰው ናቸው፤ አንድ ዜማ ስትሳሳት መምህር መልሶ እስኪያስተካክልህ ድረስ እንደማታልፍ ከኔ በላይ ያውቃሉ። ይህንን ልነግራቸው ፈለግሁ፤ ግን እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ ጭነው መመረቅ ጀምረው ነበርና አሜን አልሁ።

አጎቴማ ተቆጡ። «እሺ ያለንን ሰው ተመልሰን ሄደን እባክህ እምቢ በለን እንበለው? ለዚህ የሚሆን ሽማግሌ ከየት ይመጣል?» አሉኝ። ያን ምሽት በቅጡ አላናገሩኝም።

መንገዱ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ስለተሰማ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መነሳት ነበረብኝ። ሻንጣዬን ይዤ ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ ሄድሁ። ፕሮዲዩሰሩ ሲገባ ፈቃድ አልጠየቅሁትም፤ ፖስታውን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድሁና ፕላስተሩን በጥርሴ በጥፍሬ ቀደድሁት።

«ማንበቡ ይቅር፤ እኔ ላንብብልዎ። መስማት ብቻ» አልሁት።

ሰዓቱን አየና ተቀመጠ። ለባለጉዳይ እንደማነበው አነበብሁለት፤ ሳልጫወት፣ ድምፄን ሳልለዋውጥ። መጀመሪያ ባልቴቷ «ይኼ እኔ ያልሁት አይደለም ልጄ» የሚሉበትን፣ ቀጥሎ የችሎቱን። ስልኩ ሁለት ጊዜ ጠራ፤ ገልብጦ አስቀመጠው። እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ነበር። ባልቴቷ የባላቸውን ወንድም እርስዎ እያሉ መክሰስ ሲጀምሩ ወንበሩን ትንሽ አስጠጋ። እስከ መጨረሻው አነበብሁ፤ ወረቀቱን አጥፌ ጭኔ ላይ አስቀመጥሁና ጠበቅሁት።

«ጥሩ ነው» አለኝ።

«ምኑ?»

«ሁሉም።»

«የረዘመ ማመልከቻ አይመስልም?»

«ኧረ አይመስልም።»

«የሚቆረጥ ቦታስ የለውም? አሰልቺ የሆነ፣ ያልተገጣጠመ፣ የማይሆን?»

ዓይኑን ከኔ ላይ አንስቶ ወደ በሩ አየ። «ጥሩ ነው አልሁህ እኮ» አለኝ። «መምሬን በጣም ሰላም በልልኝ።»

አገሬ ከገባሁ ዓመት አልፎኛል። ለበዓል እደውልለታለሁ፤ እሱን ስልክ ማስነሳት ያልቻለ ሰው እኔ ነበርሁ፣ አሁን በመጀመሪያው ጥሪ ያነሳል። እናቱ ድነዋል። ስለ ፊልሙ ስጠይቀው ያው ጥሩ ነው ይለኛል፤ ጊዜው ሲደርስ ይላል፤ አባቶች ደህና ናቸው ወይ ይለኛል። አንዳንድ ቀን እውነቱን ነው እላለሁ፤ ወንበሩን ያስጠጋው ታሪኩ ይዞት ነው። ሌላ ቀን ደግሞ ሦስት ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመው የታዩት ሰው ሌላ ምን ሊለኝ ይችል ነበር እላለሁ። ስለ ሥራዬ ከሚያውቅ ሰው አፍ የሰማሁት ቃል እሱ ብቻ ነው። ለኔ ያለው ይሁን ለሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ማወቅ እንዳልችል ያደረግሁትም ራሴ ነኝ።